ኪስ የማይገባ ስልክ

በየትኛውም መሥሪያ ቤት መተዳደሪያ ደንብ ላይ ያልሰፈረ፣ ግን ከሰፈረው ሁሉ በላይ የሚከበር አንድ አንቀጽ አለ፤ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠ ሰው ሥራ ላይ ነው፣ ስልክ ላይ ያፈጠጠ ሰው ሥራ ፈቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንዳለ ማንም አይጠይቅም። ግንባርን ቋጠር፣ ጭንቅላትን አልፎ አልፎ ነቅነቅ፣ መሐል ላይ አንዴ «እህህ» ማለት ይበቃል። ኃላፊው በበሩ ብቅ ብለው፣ አይተው፣ «በርቱ» ብለው ያልፋሉ። ልጁ ታሞበት ከትምህርት ቤት የተላከለትን መልእክት ከስልኩ ላይ የሚያነብ ሰው ግን ቀና ሲል የሚያየው የኃላፊውን ፊት ነው፤ ፊታቸው ላይ ደግሞ «ይሄ ደሞ ፌስቡኩን ጀመረ» የሚል ተጽፏል።

አንቀጹ ከኮምፒውተርም በፊት የነበረ ነው። ከእኛ የቀደሙት ጋዜጣቸውን ፋይል ውስጥ ሸጉጠው ነበር የሚያነቡት። ፋይል የያዘ ሰው አይጠረጠርም፤ ፋይሉ እየወፈረ ከሄደማ የዕድገት ዕጩ ነው። ኮምፒውተር ሲመጣ መሸጎጫው ተቀየረ እንጂ ልማዱ ባለበት ቀጠለ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1990 ዊንዶውስ 3.0ን ሲያወጣ የካርታ ጨዋታውን አብሮ ባይጨምርበት ኖሮ፣ ስንቱ የመንግሥት ሠራተኛ ማውስ መጎተት ሳይማር ጡረታ ይወጣ እንደነበር ፈጣሪ ይወቀው። በእኛ ፎቅ ካርታው ጠዋት ይከፈታል፣ ለምሳ ይዘጋል። ከምሳ በኋላ ሲስተም የለም።

ችግር የመጣው ስልኩ ስማርት የሆነ ጊዜ ነው። ዋትስአፕ መጣ፣ ቫይበር መጣ፣ ኢሞ መጣ። ወሬው ሁሉ፣ ዘመዱ ሁሉ፣ የዕድሩና የቁቡ ጉዳይ ሁሉ ተጠራርጎ ስልክ ውስጥ ገባ። ስልክ ደግሞ ከላይ እንዳልኩት ቢሮ ውስጥ የሚያስገምት ዕቃ ነው። ጠረጴዛ ሥር ደብቆ መጻፍ ተሞክሯል፤ አንገት ያጎብጣል፣ ሽንት ቤት ማዘውተርም ስም ያወጣል። ወሬውን ከስልኩ አውጥቶ የተከበረው ኮምፒውተር ላይ የሚያስቀምጥልን ሰው ሐውልት በተገባው ነበር። ሐውልቱ የሚገባው ሰው የአይቲው ልጅ ሆኖ ተገኘ።

ፍላሹን በጣቱ እያሽከረከረ መጣና «ጋሼ፣ ኮምፒውተርዎን ስልክ ላድርግልዎት?» አለኝ።

«ስልክ አለኝ እኮ ልጄ።»

«እሱማ አለዎት። ይሄኛውን ግን ፊት ለፊት ያዩታል፣ ማንም አይናገርዎትም።»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገውም።

ፍላሹ ላይ የነበረው ብሉስታክስ የሚባለው ኢሙሌተር ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ «እኔ አንድሮይድ ስልክ ነኝ» እያለ አፖቹን የሚያታልል ፕሮግራም ማለት ነው። ክብደቱ ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለነበር፣ በእኛ ቢሮ ኢንተርኔት ከማውረድ ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው አደራ ማስያዝ ይፈጥን ነበር። ስለዚህ ፍላሹ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። በየደረሰበትም ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ይሰጣል፣ ይቀበላል። ልጁ መጀመሪያ ቫይረሱን አጸዳ፣ ቀጥሎ ጫነ፣ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ሳያነብ ተጫነ። ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ጠቆረ። ከዚያ ማራገቢያው ጮኸ። ከጎናችን ካለው ቢሮ አንዱ ብቅ ብሎ «መብራት ሄዶ ነው እንዴ ጄኔሬተር ያስነሣችሁት?» ሲል ጠየቀ።

ማሽኑ የሚጮኸው ወዶ አይደለም። ስልኮቻችን ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ አርም የሚባለው ሥሪት ነው፤ የቢሮ ኮምፒውተሮቻችን ውስጥ ያለው ደግሞ የኢንቴል ወገን ነው። የአንዱን ትእዛዝ ሌላው አይሰማውም። ኢሙሌተሩ መሐል ገብቶ፣ ለአርም የተጻፈውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ኢንቴል በሚገባው እየመለሰ ያቀብላል። ዳኛውና ባለጉዳዩ የማይግባቡበት ችሎት ላይ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ እያንዳንዷ ቃል በአስተርጓሚ ስታልፍ በአምስት ደቂቃ የሚያልቀው ክርክር ለምሳ ይደርሳል። ለአንድ «ደህና አደርክ» ያንን ሁሉ ትርጉም የሚሠራው ማሽን ደግሞ ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ያስፈልገዋል ተባለ። የእኛ ኮምፒውተሮች ጠቅላላ ሀብት 2 ጊጋባይት ነበር። ኤክሴልና ዋትስአፕ ባንድ ላይ አይከፈቱም፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። የትኛውን እንደመረጥን የዚያን ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ያየ ይፍረድ።

እንዲያም ሆኖ አንዳንዱ ማሽን አሻፈረኝ ይላል። ለእሱ መድኃኒቱ ባዮስ ውስጥ ገብቶ፣ ከፋብሪካ ተዘግታ የመጣችውን የቨርቹዋላይዜሽን ማብሪያ መክፈት ነው። ኮምፒውተሩ ገና ሲነሣ ኤፍ 2ን ወይም ዲሊትን በፍጥነት ደጋግሞ መምታት፣ ሰማያዊ ገጽ ሲመጣ በቀስት መውረድ፣ ማብራት፣ ሴቭ ብሎ መውጣት። ልጁ ይህን ሲያደርግ ከኋላው የቆምነው ሁሉ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። በእኛ ፎቅ ባዮስ ገብቶ በሰላም የወጣ ሰው እስከ ዛሬ ስሙ በክብር ይነሣል።

መቼም ይህ ማስመሰል የዋትስአፕ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም 360 የተባለውን ማሽን ሲያስተዋውቅ፣ ደንበኞቹ ለአሮጌው 1401 ያስጻፉትን ፕሮግራም ወርውረው አዲስ አንገዛም እንዳይሉት ሰጋ። ስለዚህ አዲሱ ማሽን ሲፈለግ አሮጌውን መስሎ እንዲሠራ አደረገው። ያኔ ማስመሰሉ የደመወዝና የሒሳብ ሥራ እንዳይቋረጥ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሥራው እንዲቋረጥ ሆነ።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የአፖቹ የዋህነት ነው። ኪስ ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል። ስልኩን ነቅንቅ የሚል አፕ ሲያጋጥም፣ ብሉስታክስ ለዚሁ ብሎ ያዘጋጃት አዝራር አለች፤ እሷን ስትጫን አፑ እጅ ላይ የተናወጠ መስሎት ይደነግጣል። ጠረጴዛው ንቅንቅ አላለም። ባትሪው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ ባትሪው እንደሞላ ስልኩም ኮምፒውተሩም አብረው ይሞታሉ። ያለህበት ቦታም እንደ ፈቃድህ ነው። ካርታው ላይ የወደድከው ከተማ ላይ ትጫንና እዚያ ነኝ ትላለህ። አንድ ባልደረባችን የቁብ መክፈያው ቀን ሲደርስበት ከወንበሩ ሳይነሣ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ወረደና ለቁቡ ዳኛ «መስክ ወጥቼ ነው፣ ይኸው ያለሁበት» ብሎ ላከ። የቁቡ ዳኛ ሁለት ወንበር አልፎ የሚቀመጡት የሒሳብ ሹም ነበሩ። መልእክቱን አነበቡ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩትና «ዓሣ ይዘህልኝ ና» አሉት።

ማታለሉ ሁሉ እያማረ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይንቀራፈፋል፤ ስልክ ቁጥር ላይ። ጃን ኩምና ብራያን አክተን እ.ኤ.አ. በ2009 ዋትስአፕን ሲመሠርቱ፣ ሰው የይለፍ ቃል ከሚያስታውስ ቁጥሩ ራሱ መታወቂያው ይሁን አሉ። ቀላል ነገር ስለነበር ተወደደ፣ ከአምስት ዓመት በኋላም ፌስቡክ 19 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛው። ለእኛ ግን ጣጣ ነበረው። ያኔ አንድ ቁጥር የሚሠራው አንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ቁጥርህን ለኮምፒውተሩ ከሰጠኸው ኪስህ ያለው ዋትስአፕ ተዘግቶ ይጠብቅሃል። ከቢሮ ስትወጣ ደግሞ ኮምፒውተሩን ተሸክመህ ታክሲ አትሳፈርም። ብልጦቹ ሁለተኛ ሲም አውጥተው መሳቢያ ውስጥ በተኛ ባለቁልፍ ኖኪያ ላይ ከተቱ። ኖኪያው ሥራው ባለስድስት አኀዟን ኮድ ተቀብሎ መልሶ መተኛት ነው። ከቢሮአችን ሠራተኞች ሁሉ የሥራ ድርሻውን በትክክል የተወጣው እሱ ይመስለኛል።

መዝገብ ቤት የነበሩት እትዬ ግን ሁለተኛ ሲም አላስፈለጋቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ የግል ዋትስአፓቸው እንዳይነካባቸው ይፈልጋሉ፤ ለሌላ ሲም ደግሞ ፎቶ ኮፒ ይዞ መሰለፍ አይፈልጉም። የአይቲው ልጅ ዙሪያውን ሲያይ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠውን የቢሮውን የመስመር ስልክ አየ። ቁጥሩን ለዋትስአፕ ሰጠው። ዋትስአፕ ኮዱን በጽሑፍ ላከ፤ የመስመር ስልክ ጽሑፍ ምን ያደርግለታል? ሰዓቱ ቆጥሮ ቆጥሮ ሲያልቅ «ልደውልልህ?» የሚል አማራጭ መጣ። ልጁ ተጫነ። ስልኩ ጮኸ። እሱ እጁን ሳይዘረጋ፣ ስልክ ማንሣት የሥራ ድርሻዬ ነው ብለው የሚያምኑት ተላላኪው ጋሼ ቀደሙት።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

ከወዲያኛው ጫፍ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ቁጥር ታነባለች።

«እህቴ፣ ቀስ በይ፤ እስክሪብቶ ልፈልግ» አሉ ጋሼ። ሴትዮዋ አትሰማም፤ ደግማ ማንበብ ጀመረች። ጋሼ ማነጋገሪያውን በእጃቸው ሸፈን አድርገው ወደ እኛ ዞሩ። «ቁጥር ነው የምታነበው። ሎተሪ የቆረጠ አለ?»

በዚያች ሰዓት ሎተሪ ያልቆረጠ አልነበረም፤ ሁሉም ተንጋግቶ ወደ ስልኩ መጣ። ለማንኛውም ኮዱ በመጨረሻ ተያዘ፣ እትዬም የመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ላይ ዋትስአፕ ከፈቱ። ፕሮፋይላቸው ላይ የእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ በሐበሻ ቀሚስ የተነሡትን፣ ከኋላ ዳቦ ሲቆረስ የሚታይበትን ፎቶ ለጠፉ።

ያላሰብነው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የመዝገብ ቤቱን ቁጥር ስልኩ ላይ የመዘገበ ባለጉዳይ ሁሉ፣ አንድ ቀን ዋትስአፑን ሲከፍት መሥሪያ ቤቱ በሐበሻ ቀሚስ አምሮ ፈገግ ብሎ ያየዋል። መጀመሪያ ደነገጡ። ቀጥሎ አንድ ደፋር «እንደምን አደሩ እትዬ፣ ፋይሌ የት ደረሰ?» ብሎ ጻፈ። እትዬ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሰላም ያላቸውን ሰው ዝም አይሉም። ተነሥተው ፋይሉን አይተው «ፊርማ ላይ ነው፣ ሐሙስ ና» ብለው መለሱ። ባለጉዳዩ ሐሙስ መጣ፣ ተፈርሞ አገኘው፣ ለጓደኛው ነገረ። ሰው ከክፍለ ሀገር ድረስ ሳይመላለስ ጉዳዩ የት እንደደረሰ የሚያውቅበት መሥሪያ ቤት ሆንን። ለአሠራር ማሻሻያ የመጡት ቢፒአርም ካይዘንም ያላመጡትን ነገር የዳቦ ቆረሳ ፎቶ አመጣው። ኃላፊዎቻችን አልሰሙም። ቢሰሙ ኖሮ ኮሚቴ ይቋቋምለትና በዚያው ይሞት ነበር።

የአማርኛ ጽሑፍ ነገር ሌላ ፈተና ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ይህ ማለት ግን የገባበት ቤት ሁሉ ያስተናግደዋል ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ብሉስታክሶች የተሠሩት በአሮጌው አንድሮይድ 2.3 ላይ ስለነበር የግዕዝ ፊደል አያውቁም። ሰው «እንኳን አደረሰህ» ብሎ ሲልክልን ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ይደርሱናል። ሳጥኖቹን በመቁጠር መልእክቱን መገመት ተለመደ። አጭር ከሆነ ሰላምታ ነው፣ ረዘም ካለ በዓል ነው፣ ከገጹ ካለፈ ብድር ነው።

ይህ ሁሉ ቢሮ ነው። እቤት ደግሞ ኢሞ አለ፤ ኢሞ ካለ እቴቴ አለች።

እቴቴ አክስቴ ናት። ልጇ ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች፤ የምታርፈው እሑድ ነው። እሑድ ከሰዓት በኢሞ ይገናኛሉ። ለምን ኢሞ እንደሆነ ዘመድ ዐረብ አገር ያለው ሁሉ ያውቃል፤ መስመሩ ሲቀጥን ሌላው ሲቋረጥ ኢሞ እየተጎተተም ቢሆን ይደርሳል። ታሪኩንም ላንሣው ካልኩ፣ ኢሞን ከጀመሩት አንዱ ጆርጅ ሃሪክ ከጉግል የመጀመሪያዎቹ አሥር ሠራተኞች አንዱ የነበረ ሰው ነው፤ ኢሞም ሲጀመር የኮምፒውተር ነገር ነበር። ያሁውን፣ ኤምኤስኤኑን፣ የጉግሉን ቻት ባንድ ገጽ ሰብስቦ የሚያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ያንን ሁሉ ትቶ የራሱን መልእክትና ጥሪ ይዞ ቀረ፣ ስልክ ላይም ነገሠ። ስለዚህ እኛ ኢሞን በኢሙሌተር ኮምፒውተር ላይ ስንጭን፣ ካደገበት ቤት በስልክ ስም አስመዝግበን ማስገባታችን ነው።

እቴቴ ዓይኗ ደክሟል። «በዚያች በትንሿ ልጄ ጣት ነው የምታክለው፤ በትልቁ ልያት» አለች። ደስ አለኝ፣ ዴስክቶፑ ላይ ኢሙሌተሩን ጫንኩ፣ ከመርካቶ የመጣች ዌብካም ሰካሁ፣ የእቴቴን ቁጥር አስገባሁ። ኮዱ በስልኳ ይመጣል ብዬ ብጠብቅ የለም።

«እቴቴ፣ መልእክት አልገባልሽም?»

«ገብቶ ነበር፣ የቴሌ ነው ብዬ አጠፋሁት።»

ሁለተኛው ኮድ ሲመጣ ስልኩን ከእጇ ተቀበልኳት። እሷ በዚህ መሐል ነጠላዋን አጣፍታ፣ ረከቦቱን ካሜራው እንዲያየው አስጠግታ፣ ጀበናውን ከነገንፎሌው ጥዳለች። ልጇ ቡናውን ካላየች እናቷ ደህና መሆኗን አታምንም። ደወልን። ተነሣ።

ከወዲያ ጩኸት ተሰማ። «እማ! ምን ሆንሽ? ለምን ተኛሽ?»

«ኧረ አልተኛሁም፣ ቁጭ ብያለሁ!»

«አትዋሺኝ! ይኸው ጋደም ብለሽ አይሻለሁ። አሞሽ ነው የደበቃችሁኝ!»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ኢሞ የዌብካሟን ምስል የስልክ ካሜራ መስሎት በዘጠና ዲግሪ ገልብጦታል። ቤይሩት ላይ እቴቴ በጎኗ ጋደም ብላ፣ ራሷ በስተቀኝ፣ እግሯ በስተግራ ሆና ነው የምትታየው። ለማስረዳት ሞከርኩ። ግን ስደተኛ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያውቃል፤ ውጭ ያለ ሰው አገር ቤት ያለ ሰው የሚነግረውን አያምንም፣ ባያምንም አይፈረድበትም። ሕመም እንደበቅበታለን፣ መርዶ እንደበቅበታለን፣ ሠልስቱ ካለፈ በኋላ «አባባ ትንሽ አሞት ነበር» እንለዋለን። ይህን ለዓመታት የሠራን ሰዎች ዛሬ ተነሥተን «ኢሙሌተሩ ነው ያጋደማት» ብንል ማን ይሰማናል?

«ወንድምዓለም፣ እባክህ እውነቱን ንገረኝ። ሐኪም ምን አለ?»

«ሐኪም የለም፣ ካሜራው ነው።»

«ካሜራ ሰው ያስተኛል?»

እቴቴ በንዴት «እይ እንግዲህ» ብላ ጀበናውን አንሥታ ቡናውን መቅዳት ጀመረች። ይህ ነገሩን አባባሰው። ከወዲያ ሆና የምታየው የተኛች እናት፣ የተኛ ጀበና፣ ከቀኝ ወደ ግራ በአየር ላይ የሚሄድ ቡና ነው። ለጥቂት ጊዜ ፀጥ አለች። ቀጥላ በዝግታ «እማ፣ ቡናው ለምን አይደፋም?» አለች።

ያዳነን ይህ ጥያቄ ነው። ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ቡና አይዋሽም። እኔም ዌብካሟን ከስክሪኑ አናት ላይ አንሥቼ በጎኗ አስተኛኋት፤ እንዳትንከባለል በእቴቴ የፀጉር ማስያዣ ከቀጭን የሒሳብ ደብተር ጋር አሰርኳት። ቤይሩት ላይ እቴቴ ቀና አለች። ሁለቱም አለቀሱ፣ ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ጉዳይ ገቡ፤ የጎረቤት ልጅ ማንን አገባች ወደሚለው።

እቴቴ አንድ ቅሬታ ብቻ ቀራት። ኢሞ ያለው ስልክ ላይ ስለሚመስለው ምስሉን የሚያሳየው በቀጭኑ ነው፤ ከግራም ከቀኝም ጥቁር ሆኖ ልጂቱ መሐል ላይ ጠበብ ብላ ቆማለች። «ይሄን የሚያክል ቴሌቪዥን እያለ ልጄን ለምን ኮሪደር ውስጥ ታቆማታለህ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም።

ከጊዜ በኋላ ባለቤቶቹ ራሳቸው ነቁ። ቫይበር እ.ኤ.አ. በ2013 የኮምፒውተር ፕሮግራም አወጣ። ዋትስአፕ በጥር 2007 ዓ.ም. ዋትስአፕ ዌብን ከፈተ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የምትታየውን ባለ ነጥብ ምልክት በስልክህ ካሜራ ታነባለህ፣ ወሬህ ስክሪኑ ላይ ይዘረገፋል። ስልኩ ግን በርቶ፣ ኢንተርኔት ኖሮት መቆየት ነበረበት፤ ያለ ስልክ ኮምፒውተሩ ላይ መግባት የተቻለው እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ነው። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11 ራሱ የአንድሮይድ አፖችን እንዲያስኬድ አድርጎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ድጋፉን አቆመ። ያንን የሚያህል ኩባንያ የተወውን ነገር የእኛ የአይቲ ልጅ በ2 ጊጋ ራም ለዓመታት ሲያስኬደው እንደነበር የሚጽፍ ታሪክ ጸሐፊ አልተገኘም። ዛሬ ኢሙሌተር የልጆች ሆኗል፤ ፐብጂና ፍሪ ፋየር የሚጫወቱት የስልኩን ተኩስ በኪቦርድና በማውስ ሊተኩሱ ነው። በጣት የሚጫወተው ምስኪን ከገጠማቸው በርቀት ይጥሉታል፤ ወሬያችንን ያለ ማንም ጉዳት ለምናወራው ለእኛ ይህ አሳፋሪ ነው።

ቢሮአችንም ተገለበጠ። ቴሌግራም መጣና ኃላፊው ራሳቸው ግሩፕ ከፈቱ። የስብሰባ ጥሪው እዚያ ነው፣ ደብዳቤው በፎቶ እዚያ ነው፣ ቁጣውም እዚያ ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ይህን አፋጥኑ» ይላሉ፣ ሠላሳ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ ይተኛል። እና አሁን ኃላፊው በበሩ ብቅ ሲሉ ኮምፒውተር ላይ ያፈጠጠውን ሰው ነው በጥርጣሬ የሚያዩት፤ «ግሩፑን አላየህም እንዴ?» ይሉታል። ጮሌዎቹ የእግራቸውን ኮቴ ሲሰሙ የጀመሩትን ሪፖርት ትተው ስልካቸውን ብድግ ያደርጋሉ።

ዋትስአፕ ዌብ ከመጣ በኋላ በፎቃችን ኢሙሌተሩ የቀረው መዝገብ ቤት ብቻ ነበር። የእትዬ ሁለተኛው ዋትስአፕ ቁጥሩ የመስመር ስልክ ነው፤ ካሜራ አውጥቶ የሚያነብለት ስማርት ስልክ ስለሌለው ከኢሙሌተሩ ውጭ መኖሪያ የለውም። እትዬ ጡረታ በወጡ ጊዜ ታዲያ ርክክብ ሆነ። ንብረት ክፍሉ በሞዴል 22 የወጡላቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያነበበ ለተተኪው ያስረክባል፤ ኮምፒውተር ከነኪቦርዱ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ የመስመር ስልክ፣ ስቴፕለር። ዳንቴሉ የግል ነው ተብሎ ለእትዬ ተመለሰ። በመሐል ኮምፒውተሩ «ጢው» አለ። ተተኪው፣ ፂሙን ደረቱ ድረስ የለቀቀ ጎልማሳ፣ ጎንበስ ብሎ አየና «ሰው ፋይሌ የት ደረሰ እያለ ነው፤ ይሄስ በዝርዝሩ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ንብረት ክፍሉ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አገላበጠ። «የለም» አለ።

«እንግዲያው ልዝጋው?»

«ገቢ ያልሆነ ንብረት ወጪ አይደረግም። ኦዲት ይጠይቀናል።»

«እሺ፣ ፎቶውን እንኳ በራሴ ልቀይረው?»

«በተረከብክበት ይዞታ ነው መቆየት ያለበት» አለና ሰነዱን አስፈርሞት ወጣ።

ጎልማሳው ፂሙን እያሻሸ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መዝገቡን አየ፣ ተመለሰ፣ በአንድ ጣት «ፋይልዎ ሕግ ክፍል ነው፤ ሰኞ ይምጡ» ብሎ ጻፈ። ሐበሻ ቀሚሱ ፈገግ እንዳለ መልእክቱ ሄደ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ምነው ዛሬ አንቱ አሉኝ? አስቀየምኩዎት እንዴ?»